ባሕሩ የተገፋ ሰሞን

ልጄ ዊዳድ ሠርጓ ባሕር ዳርቻው ላይ እንዲሆን ስትወስን ማንንም አላማከረችም። "አጎቴ ሸድሊ ሠርግሽ ላይ እጨፍራለሁ ብሎኝ ነበር። እሱ ከዚያ መውጣት ካልቻለ እኔ እሄድለታለሁ" አለች። ሸድሊ የባሌ የሙንጂ ታናሽ ወንድም ነው። ማዕበል ጀልባቸውን የገለበጠ ጊዜ ሙንጂ ሲተርፍ እሱ እዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሌ አሸዋ ረግጦ አያውቅም። የቤታችን የፊት በር ወደ ባሕሩ ነው፤ ሰውዬው ግን ዳቦ ሊገዛ እንኳ በጓሮ በር ነው የሚወጣው።

እንግዲህ አባት የሌለበት ሠርግ ይታያችሁ! ስጠይቀው "እመጣለሁ አልኩሽ እኮ" ይላል፤ ወዲያው ግን በጓሮ በር ይወጣል። ባሕሩን እንደሚፈራ ለልጅቷ እንዳልነግራት ደግሞ አስምሎኛል፤ እሷ ሐዘን ብቻ ይመስላታል።

ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ሰኞ ዕለት አንዲት ትልቅ መርከብ ከች አለች። የዳርቻው ጥገና ከመስከረም በፊት አይጀመርም ሲባል ነበር። ማዕበል የበላውን ዳርቻችንን ለመመለስ ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጠች በወፍራም ቧንቧ ትተፋለች፤ ዶዘሮቹ ይደለድላሉ። ዊዳድ አበባ ላሰቅል ያለችበት ቦታ ጥቁር ጭቃ ተከመረበት፤ ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው። እሷ ስታለቅስ እኔም አብሬ ደረቴን ደቃሁ፤ በልቤ ግን አልሐምዱሊላህ አልኩ። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

እፎይታዬ ግን አልቆየም። "እማ፣ አንቺ ሂጂና አናግሪያቸው። አንቺን የማይፈራ የለም" አለችኝ።

ምን ልበል? አብረን ሄድን። ፎርማኑ ነጂብ የሚባል ፀሐይ የጠበሰው ጎልማሳ ነው። ዊዳድ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ እንዴት ለስለስ ብዬ ልናገር?

"አንተ! የሰው ሠርግ ላይ ጭቃ ስትተፋ እናትህ ምን ትልሃለች?"

"ኻልቲ፣ እኔ እኮ ተቀጣሪ ነኝ..."

"ኻልቲህ አይደለሁም! እንዳንተ ያለ የእህት ልጅ ቢኖረኝ እህቴን እክዳት ነበር! እህት የለህም? ሴት ልጅ የለህም? ወይስ ከቧንቧ ነው የተወለድከው?"

ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ነጂብ አንገቱን ደፋ። "በቃ ኻልቲ፣ አሸነፍሽኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርከቧን አስቆማለሁ። ዶዘሩም ንጹሕ አሸዋ ያለብስላችኋል። የእናንተ ደስታ የእኛም ነው።"

ዊዳድ እልል አለች። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው፤ ያውም በገዛ ምላሴ ጎትቼ ያመጣሁት። ማታ ለአባቷ ስትነግረው "እሰየው ልጄ" አለና ሳይበላ ከማዕድ ተነሣ።

ዓርብ ጠዋት ዐይኔን በጨው አጥቤ ብቻዬን ወደ ነጂብ ተመለስኩ።

"ልጄ፣ ያችን መርከብ... ባታቆማትስ?"

ትክ ብሎ አየኝና ሳቁ አመለጠው። "ኻልቲ ናዚሀ፣ ሽማግሌ ልላክባችሁ እንዴ? አንድ ቤት ስንት ትእዛዝ ነው የሚሰጠኝ?"

"ሌላ ማን አዘዘህ?"

"ባልሽ ሲ ሙንጂ ነዋ! ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ 'እባክህ ልጄ፣ እንዳታቆም፤ ሚስቴና ልጄ እንዳይሰሙ' አለኝ። አሁን እኔ አፈ ሰፊ ነገርኩሽ።"

"እዚህ? እዚህ ድረስ መጣ?"

"ያውልሽ ዱካው።"

የተደለደለው አሸዋ ገና እርጥብ ነበር። ከማዕበል መከላከያው ግንብ አንሥቶ የነጂብ ቢሮ እስከሆነው ኮንቴይነር ድረስ የጫማ ዱካ አለ፤ ግራው ወደ ውጭ የዞረ፣ የባሌ እርምጃ። በየመሀሉ ቆሟል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተቀምጦ፣ በእጁ ተመርኩዞ ተነሥቷል። ሰውዬው ባሕር ዳር ላለመቆም ብሎ ባሕር ዳር ድረስ መጥቷል። እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ። ነጂብ ግራ ገብቶት ውኃ አመጣልኝ።

ቤት ስደርስ ዊዳድ የጓሮው በር ደፍ ላይ የአባቷን ጫማ ይዛ ተቀምጣለች። እርጥብ አሸዋ ተጣብቆበታል።

"እማ፣ ባባ የት ሄዶ ነው?"

መሐላዬን አፈረስኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጮኸችብኝ። "ለማታውቁት ፎርማን ስትናገሩ ለእኔ መንገር አቃታችሁ? እኔ አጎቴን የፈለግኩት ባባን ለማጣት ነው?" እውነቷን ነው። እንባዋን ጠራርጋ ለእጮኛዋ ለሐቲም ደወለች። "ወንበሮቹ እኛ ሰፈር መንገድ ላይ ይውረዱ... የለም፣ አላበድኩም... ለባባ ስል ነው።"

ቅዳሜ ሠርጉ በጓሮ በራችን በኩል፣ መንገዱ ላይ ሆነ። መርከቢቱ ብታጓራም ከበሮው በለጣት። ሙንጂ ቀይ ቆቡን ደፍቶ እንግዳ ተቀበለ። የሐቲም እናት አፍንጫዋን ነፍታ "ባሕር ዳር ነው ተብለን አልነበር የመጣነው?" ብትለው "እመቤቴ፣ ባሕሩ ጥገና ላይ ነው" አላት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጨፈረ። ከበሮው እስኪያበቃ ድረስ የራሱንም የሸድሊንም ድርሻ ጨፈረ።

በሳምንቱ ሙሽሮቹ ሊጠይቁን መጡ። ሥራው ከእኛ ሰፈር አልፎ ወዲያ ሄዷል። ኩስኩሱን በልተን እጃችንን ስንታጠብ ሙንጂ "ዊዳድ፣ ነይ እስቲ፣ ዳርቻው ምን ያህል እንደሰፋ እንየው" አለና ተነሣ። በፊት በር ወጣ። እኔም ተከተልኳቸው።

አሸዋው ደርቆ ነጥቷል። ድሮ ግንቡን ይልስ የነበረው ውኃ አሁን ሩቅ ነው። ሙንጂ የልጁን ክንድ ይዞ ቀስ እያለ ሄደ፤ መሀል ሲደርስ ቆመ።

"ሸድሊ!" ብሎ ተጣራ። "ልጅቷን ዳርናት!"

ከዚያ ወደ ዊዳድ ዞሮ "ለዛሬ እስከዚህ ይብቃኝ" አላት። እሷም ጫማዋን አውልቃ እዚያው ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።