ዝናብ አገር የለውም

የፈንታው መኪና የምትሄደው ነዳጇ የተሠራበት ውሃ ወደተቀዳበት ቦታ ብቻ ነበር። መሪውን ወዴትም ቢያዞረው ለውጥ የለውም። በቦርከና ውሃ ስትነዳ ወንዙ ዳር ሄዳ ትቆማለች፤ በጎረቤት ቧንቧ ውሃ ስትነዳ የጎረቤቱን አጥር ጥሳ ትገባለች።

ደሴ ውስጥ ቤንዚን ከጠፋ ከርሟል። የጎረቤታቸው የሰይድ ባጃጅ እንኳ በራፍ ላይ ቆማ አቧራ ለብሳለች። ፈንታው ግን የቤቱ ጣሪያ ላይ ባሰረው ሶላር በሚሠራ ማሽን ውሃ እየሰነጠቀ ሃይድሮጂን ያወጣል። የሳምንት ፀሐይ አንድ ጀሪካን ውሃ ጨርሶ ለአንድ መንገድ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፤ መመለሻ የለውም። ሚስቱ ትርንጎ የመውለጃዋ ወር ሲገባ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ቧንቧ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

አማቱ ወይዘሮ የሺመቤት ጀሪካኑን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ስንቱ የሞተበትን ግቢ ውሃ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ማስገባት! ሟርት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ፈንታው ሥራ ሲሄድ ጓሮ ወስደው ደፉትና ከአሸንዳው ሥር በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሞሉት። የመኪናዋን ጠባይ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አስበውበታል። ዝናብ አገር የለውም፤ አገር የሌለው ውሃ ደግሞ ወደ መሩት ይሄዳል። ፈንታው ተመልሶ ምንም ሳይጠረጥር ማሽኑ ውስጥ ገለበጠው።

ጋዙ በሞላ ማግስት ምጡ ረፋድ ላይ መጣ። ፈንታው ትርንጎን ደግፎ ከኋላ ወንበር አስቀመጣት።

«እማማ፣ ያን ጀሪካን የነካው ሰው የለም አይደል?»

ወይዘሮ የሺመቤት ትርንጎን አየት አደረጉ። ሌላ ጋዝ ለመሥራት ሳምንት ይፈጃል፤ ልጃቸው ጥርሷን ነክሳለች።

«ማን ይነካዋል? ይልቅ ፍጠን።»

«አትመጪም እማዬ?» አለች ትርንጎ።

«ገንፎሽን ላሰናዳ። ከኋላ እደርሳለሁ።»

መኪናዋ እስከ መታጠፊያው ድረስ እንደማንኛውም መኪና ሄደች። ከጭስ ማውጫዋ የሚንጠባጠበው ውሃ አስፋልቱ ላይ መስመር እየሠራ ተከተላት። መታጠፊያው ጋ መስመሩ ተቋረጠ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቿ ተነሡ፣ ከዚያ የኋላዎቹ። ወደ ሆስፒታሉ የሚያመለክተውን የቀኝ ፍሬቻዋን እያበራች ከኤሌክትሪክ ሽቦው በላይ አለፈች፤ ቀጥሎም በሰፈሩ አናት ላይ ከጦሳ ተራራ በላይ ከፍ አለች።

በገዛ እጄ ነው፣ አሉ ወይዘሮ የሺመቤት በልባቸው፣ በገዛ እጄ።

ጥርት ካለው ሰማይ አንድ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈ። ከመኪናዋ የወረደ ውሃ ነው። ይሄኛውስ አገር አለው፤ ከመኪናዋ የመጣ ነው፣ ወደ እሷም ይወስዳል። ሮጠው ባዶውን ጀሪካን አመጡና ከጠብታው ሥር ደቀኑት።

«እትዬ የሺ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሰይድ ከደጁ ብቅ ብሎ።

«ባጃጅህን አዘጋጅ።»

«ወዴት ልንሄድ?»

«ልጄ ጋ።»

ሰይድ ወደ ላይ አየ። ከዚያ የባጃጇን መቀመጫ አቧራ ይጠርግ ጀመር።

ከላይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ጤነኛ፣ ቁጡ ልቅሶ። ወይዘሮ የሺመቤት ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሡ። ጠብታው እየሳሳ፣ ልቅሶውም እየራቀ ሄደ። የጀሪካኑ ወለል ገና በውሃ አልተሸፈነም ነበር።