የሴቶች ዲስክ

ወንድሜ ሰሊም ከናይሮቢ አዲስ ዕቃ ይዞ በመጣ ቁጥር፣ ሞያሌ ያለነው ሁሉ በጨለማ ስንደናበር የኖርን ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንትም የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ማንያታ ሰፈር ወዳለችው ሱቃችን ገብቶ ሁለት የብሉሬይ ዲስኮች፣ በርነር የሚሉት የዲስክ መጻፊያና ማጫወቻ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«መቶ ጊጋ ነው ዳዳ፣ እህቴ! ሃያ ዲቪዲ ውጦ አያገሳም። አሮጌውን ሁሉ እዚህ ላይ ገልብጠን እንጥለዋለን። ቢያሻራ፣ ንግድ ማለት ይሄ ነው!»

«ጣዩ ማን ነው?» አልኩት።

እኔና ሰሊም ሰርግ በቪዲዮ እንቀርጻለን። እሱ የወንዶቹን ወገን ይይዛል፣ እኔ የሴቶቹን። ሴቶቹ የሚጨፍሩበት ክፍል ውስጥ ስልክ አይገባም፤ በር ላይ ሳፋ ይቀመጥና ሁሉም ስልኳን እዚያ ትታ ታልፋለች። የምትገባው የእኔ ካሜራ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይበተናል፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው ሴት ስትጨፍር አታዩም እንጂ ብታዩ! ፊልሙን በአንድ ዲቪዲ አድርጌ ለሙሽራዋ እናት በእጇ እሰጣታለሁ፤ ካሜራው ላይ የቀረውን እሷው እያየች አጠፋዋለሁ። የወንዶቹ ዲስክ ለብቻው ነው፤ እሱ የፈለገበት ይዙር። በዚህ ሁሉም ነገር በስልክ በሚዝረከረክበት ዘመን ሰው እስካሁን ዲስክ ዲስክ የሚለው ለዚህ ነው። እንጀራዬም ይኸው እምነት ነው።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዲቪዲም ይሞታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ፣ እናታችን፣ የምንላቸው ካልቶማ የልጃቸውን የሌንሳን የሰርግ ዲስክ በሻሽ ጠቅልለው መጡ። ሌንሳን የቀረጽኳት እኔ ነበርኩ። ባገባች በዓመቷ በወሊድ ሞተች፤ አላህ ይዘንላት። የተረፉት ፎቶዎቿ ሁሉ ተሸፋፍና፣ ዓይኗን ሰብራ የተነሳቻቸው ናቸው። ስትስቅ የምትታየው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ወደ እኔ ልትዞር ስትል ትቆማለች። ፊቷን ሳታሳየኝ ድርቅ ትላለች።»

መጋረጃዬን ጋርጄ፣ ዲስኩን ጠርጌ፣ ደጋግሜ ሞክሬ አርባ ደቂቃውን ኮምፒውተሬ ላይ አወጣሁት። ሌንሳ ዞረች፤ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ።

አሁን ምን ላይ ልጻፈው? ገበያ ላይ የቀረው ባዶ ዲቪዲ ዓመት እንኳ አይቆይም። የሰሊም ዲስክ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ጥሩ ነው። እኔ የተጣላሁት ከዕቃው ጋር አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ሀጂ ሻሪፍ መጡ። የግመል ነጋዴ ናቸው፣ የአዴ ካልቶማ ሟች ባል ታላቅ ወንድም።

«ስለ አዲሱ ዲስክ ሰሊም ነግሮኛል» አሉ ወንበር ስበው። «የቤተሰባችንን ሰርግ በሙሉ፣ የወንዱንም የሴቱንም፣ የሌንሳንም ጭምር፣ ዲስኮቹን ከየቤቱ ሰብስቤ አመጣለሁ፤ አንዱ ላይ አድርጉልኝ። ለልጄ ሰርግ የሚመጡት እንግዶቼ በትልቁ ቲቪ ያዩታል።»

ሰሊምን አየሁት። ጣሪያውን ያያል።

«አዴ ካልቶማ ያውቃሉ?» አልኩ።

«ምን አስፈለገ? ሌንሳ የወንድሜ ልጅ ናት። ለእኔ ባዳ ናት እንዴ?»

«እሷስ ልጅዎ ናት ሀጂ። ከኋላዋ ሻሻቸውን ጥለው የሚጨፍሩት የማን ልጆች ናቸው? የማን ሚስቶች?»

«ማውጫ ይኖረዋል እኮ» አለ ሰሊም ፈጠን ብሎ። «ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ። እንግዳ ያልተፈቀደለትን አይነካም።»

«ማውጫ በር ነው እንዴ? ሪሞቱ ማን እጅ እንደሚወድቅ አንተ ታውቃለህ? ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት አሉ! ሃያ ሰርግ ስለሚይዝ ሃያ ሰርግ ይሙላበት ያለው ማን ነው?»

ሀጂ ተነሡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የልጃቸውን ሰርግ የሚቀርጽ ሌላ ሰው ማርሳቢት ድረስ ሄደው እንደሚያመጡ ነገሩኝ። የዓመቱ ትልቁ ሰርግ ነበር። ሰሊም በዓይኑ ለመነኝ።

«ያምጡ» አልኩ። «የሚመጣው ወንድ ከሆነ ግን ሴቶቹ በር ላይ ይመልሱታል። ሴት ከሆነች ደግሞ እኔ ያልኩትን ትልዎታለች።»

ከሁለቱ ዲስኮች አንዱን አንሥቼ በርነሩ ውስጥ ከተትኩ። የሌንሳን ፊልም ብቻ መረጥኩና ጫንኩ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሀጂ ቆመው ቀሩ፤ እኔም ከጠረጴዛው ፊት አልተነቃነቅኩም።

«ዳዳ፣ አበድሽ? መቶ ጊጋ ላይ አርባ ደቂቃ?»

«አርባ ደቂቃ።»

ማሽኑ ጨርሶ፣ ዲስኩ ይዘጋ ወይስ ሌላ ይጨመርበት ብሎ ጠየቀ። ሰሊም እጁን ሰደደ፤ በክርኔ ገፋሁትና ይዘጋ አልኩ። ከዚህ ወዲያ ማንም ምንም አይጽፍበትም። ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውንም አጠፋሁት።

«የቀረውስ ቦታ?» አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ባዶ ይሁን! ባዶ ቦታ ማንንም አጋልጦ አያውቅም።» ዲስኩን አውጥቼ፣ ማጫወቻውንም ሽቦውን ነቅዬ ብብቴ ሥር ከተትኩ። «የአዴ ካልቶማ አሮጌ ማጫወቻ ይህን ዲስክ አያነብም፤ ይሄም እሳቸው ቤት ይቀመጣል።»

ሀጂ ሻሪፍ መንገድ ለቀቁልኝ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

አዴ ካልቶማ ቤት ስደርስ ጎረቤቶቻቸው ሀዋኦና ፋዱሞ ነበሩ። ማጫወቻውን ሰካሁ። አዴ ካልቶማ ዲስኩን ተቀብለው አገላበጡት።

«ስንትና ስንት ሰርግ ይይዛል አሉ፤ ሌላ ማን አለበት?»

«ማንም የለበትም። ሌንሳ ብቻ ናት።»

ተነሥተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ፣ መጋረጃውን ሳቡ፤ ከዚያ ሻሻቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በይ አጫውቺያት» አሉኝ።