ድምጿ የማይሰማ ሴት

እትዬ የሺሃረግ ከዘራቸውን ጋራዡ በር ላይ ጣሉና፣ ማንም ደርሶ ሳይዛቸው፣ በነጭ አንሶላ በተሸፈነው ነገር ላይ በደረታቸው ተደፉ።

"ፋንዬ! ፋንዬ ልጄ! ምነው ሳትሰናበቺኝ!"

ግራና ቀኝ በእድር ወንበሮች ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ እርስ በርሱ ተያየ። አንሶላው ሥር ያለችው ፋናዬ አልነበረችም። ፋናዬ ነገ እስክትቀበር ድረስ አስከሬን ማቆያ ናት። አንሶላው ሥር ያለችው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና ናት፤ አራት የብረት መቆሚያ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ ወልቀው፣ ከሆዷ ሥር ያለው የጭስ ቱቦ ወጥቶ። ኮሮናው ገና ስላልለቀቀ፣ ሰው ሳሎን ውስጥ ታፍኖ ከሚቀመጥ በሩ ወለል ብሎ የሚከፈተው ጋራዥ ይሻላል ተባለ። መኪናዋ ደግሞ በዚያ ሁኔታዋ ወዴትም አትገፋም። ስለዚህ አንሶላ ጣል አድርገውባት ዙሪያዋን ወንበር ደረደሩ። ከደጅ ለሚገባ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሬሳ ነው የምትመስለው። ያውም የትልቅ ሰው ሬሳ።

እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። አንሶላውን እየዳበሱ ሙሾ አወረዱ።

"ድምፅሽ ሳይሰማ ኖረሽ እንደ ጥላ፣
ዛሬም ዝም ብለሽ ተኛሽ በአንሶላ።"

ሴቶቹ እዬዬ አሉ። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ በማስኩ ምክንያት ለቅሶ ይሁን ሳቅ አይለይም። የእትዬ የሺሃረግ እጅ ስፖኪዮው ላይ ሲደርስ "ውይ፣ ክንዷ ደርቋል!" ብለው ባሱ።

የሟች ባል ሀብተሥላሴ ከንፈሩን ነከሰ። በጥቁሩ ኮት ሥር ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሊሙዚን መንዳት ከጀመረ ወዲህ ሌላ ዓይነት ሸሚዝ የለውም። ፋናዬ ይህን ብታይ ኩሽና ሮጣ፣ ፎጣ አፏ ውስጥ ከታ፣ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር ብሎ አሰበና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አለቀሰ።

ልጁ አርያም ወደ ጆሮው ተጠጋች። ነርስ ናት፤ እናቷ በተኛችበት ልቧ ቆመ ሲሏት ከፊኒክስ ሌሊቱን ነድታ የመጣች።

"አባዬ፣ ኮፊን መስሏቸዋል እኮ! ኦ ማይ ጋድ፤ ንገራቸው!"

"ተያቸው ያልቅሱ" አላት። "ቦታውን አልሳቱም።"

አርያም አልገባትም። ለእሷ መኪናዋ የአባቷ እብደት ናት፤ ሰውም ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው። አምና አንዲት ቀይ መኪና የምንኖርባትን የሄንደርሰንን ከተማ መንገድ እያናወጠች ማለፍ ስትጀምር፣ ሐበሻው "ሀብተሥላሴ ሲያረጅ ጎረመሰ" ብሎ ተሳልቆበታል።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዕንቁ ወንበራቸውን አስጠጉ። "ልጄ፣ ይህቺን ነገር ቢያንስ ለሠልስት አንሳት። ሰው ያወራል። እንደ ፋናዬ ያለች ጨዋ ሞታ የአንተ መጫወቻ መሀል ላይ ተገትራ..."

"እሺ ጋሼ።"

"ድምጿ የማይሰማ ሴት ነበረች እኮ።"

ቀኑን ሙሉ የሰማው ይህንኑ ነው። የጾም ወጥ ይዛ የመጣችውም፣ ከፔርሙዝ ሻይ የምትቀዳውም፣ ከሺፍት ወጥቶ የካዚኖ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ የመጣውም፣ ሁሉም ከ"እግዜር ያጥናህ" ቀጥሎ "ድምጿ አይሰማም ነበር" ይላል። ለአንዲት ሴት ከዚህ የበለጠ ምስጋና አናውቅም፤ ምን እናድርግ። ሀብተሥላሴ ግን በሰማው ቁጥር የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። ሰዎቹ የማያውቋትን ሴት ሊቀብሩበት ነው። እንዳይናገር ደግሞ ቃል አለበት።

*

አምና መጋቢት ላይ ሆቴሎቹ ሲዘጉ፣ ፋናዬ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ክፍል ወደ ቤት ተላከች። ስንት ዓመት የዳንሰኛ ላባና የአስተናጋጅ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ ሰፍታ ጨረሰችና አንድ ቀን ጠዋት መስኮት ላይ ቆማ ጆሮዋን አቀናች።

"ሀብቴ፣ ያ የጎረቤታችን ወታደር መኪና ማርሚታው ተቀዷል። ከመሀል ነው፤ ከጫፍ አይደለም።"

አባቷ በያጅ እንደነበሩ ያውቃል። አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ የታክሲ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ማለት ነው፣ ሲበይዱ እሷ ቱቦውን ይዛ ነው ያደገችው። መኪና ገና ማዶ ሳለ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ትናገር እንደነበር ግን ነግራው አታውቅም። ወታደሩ ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ሲዛወር ያቺን ቀይ መኪናውን ገዛችው። አስተውሉ፤ ገዛችው። ሀብተሥላሴ የሰማው ቁልፉን ስታሳየው ነው።

ጎህ ሲቀድ ኮፍያና ማስክ አድርጋ፣ በጥቁር መስታወቱ ተከልላ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ባዶ መንገድ ላይ ትነዳታለች። ስትመለስ ጉንጯ የኮረዳ ጉንጭ ይሆናል። የወታደሩ ማርሚታ ግን አናደዳት። ርካሽና ቀጭን ነው፤ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ ይጮኻል።

"ይሄ ድምፅ አይደለም" አለችው። "ጩኸት ነው። ጩኸትማ ማንም ይጮኻል።"

የራሷን ልትሠራ ተነሳች፤ ያውም ከማይዝገው ብረት፣ ከስቴንለስ። ለዚያ የሚሆነውን የአርጎን ብየዳ አባቷም አያውቁትም ነበር፤ ከዩቲዩብ ተማረችው። የመጀመሪያው ስፌቷ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሀብተሥላሴ ባትሪ እየያዘላት፣ እየሳቀባት፣ እየተሰደበ ከረመ። ቱቦውን እንደ እጅጌ በክርታስ ለክታ፣ በሰያፍ ስስ ስስ አድርጋ ትቆርጥና ቁራሹን ከቁራሹ እየገጠመች ትሰፋዋለች፤ ቀጥ ያለው ብረት በእጇ ላይ ቀስ እያለ ይታጠፋል።

"ብረትና ጨርቅ አንድ ነው ሀብቴ። በሰያፍ ከቆረጥከው እሺ ይላል።"

እየቆየ ስፌቱ አማረ። እሳቱ ባለፈበት ሁሉ ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ቀለም ጥሎ ይሄዳል። ቀለሙን ወልውለሽ አጥፊው ቢላት "ጥልፌን?" ብላ አፈጠጠችበት።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ታስነሳና ከኋላ ተጎንብሳ መዳፏን ከማርሚታው አፍ ላይ ትደግናለች። ትንፋሹ እኩል ይመታ እንደሆነ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ አባቷ ያስተማሯት ነው። ከዚያ የጠቆረ መዳፏን ሺፍት ሊገባ በተነሳው ባሏ ነጭ ሸሚዝ ላይ ትጠርጋለች።

"ፋንዬ! ምን ሆነሻል! ሥራ ልገባ ነው እኮ!"

"ምልክት ነው። የማን እንደሆንክ ይወቁ።"

ቀኑን ሙሉ ኮቱን ቆልፎ ይውላል። ሸሚዙን ቀይሮ መውጣት ይችል ነበር፤ አንድም ቀን ግን ቀይሮ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዕንቁ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሀብተሥላሴን አስቀምጠው መከሩት። "በዚህ ዕድሜህ፣ በዚህ ክፉ ዘመን፣ ሰፈር እያስደነገጥክ..." ፋናዬ ሻይ ስትቀዳ ዓይኗን መሬት ተክላ ነበር። ጋሽ ዕንቁ "አንቺስ ልጄ፣ አትመክሪውም?" ሲሏት፣ በዚያች በማትሰማ ድምጿ "እኔማ ብነግረው አልሰማ አለኝ ጋሼ" አለች። ሀብተሥላሴ ሻዩ ትን አለው። "አጥፍቻለሁ፤ እታረማለሁ" ብሎ ሽማግሌዎቹን ሸኘ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

"አንተ ትንሽ ጊዜ ባለቤቷ ሁንልኝ" አለችው፣ እንባዋን እየጠረገች። "ሲያልቅ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይዣት እገባና ነጭ ቀሚሴን ለብሼ እወርዳለሁ። የጋሽ ዕንቁን ፊት ፎቶ ታነሳልኛለህ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል!"

ማርሚታው ያለቀው በሞተችበት ሳምንት ነው። መግጠም ብቻ ነበር የቀረው።

*

ፋናዬ ተቀበረች። ሲመለሱ አርያም ስልኳን አሳየችው።

"መኪናውን የሚገዛ ሰው አገኘሁ። ነገ ከሠልስቱ በፊት በቶው ትራክ ጎትቶ ይወስደዋል። ፕሊስ አባዬ። ሰዎቹ ስለ እማዬ ሲያወሩ ያንተ ቶይ መሀል መቆም የለበትም። ሪስፔክት አይደለም።"

ሀብተሥላሴ እጇን ይዞ ጋራዥ አስገባትና ከመደርደሪያው የብየዳ ጓንት አወረደ። በራሱ እጅ ሊያጠልቀው ሞከረ፤ ጣቶቹ ገና ግማሽ ሳይደርሱ ተቀረቀሩ። ከዚያ ለእሷ ሰጣት።

"ልበሺው።"

ለበሰችው። ልክክ አለላት። እናትና ልጅ የጫማ ብቻ ሳይሆን የጓንት ቁጥራቸውም አንድ ነው።

አርያም እጇን አየች፤ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን፣ ውስጡ የእናቷ ሻሽ የተሸጎጠበትን የብየዳ ማስክ አየች፤ ከዚያ አባቷ ከብርድ ልብስ ውስጥ የፈታውን፣ እንደ ጥልፍ በቀለም የተዥጎረጎረውን ረጅም ቱቦ አየች።

"ኖ" አለች። "ኖ ዌይ። እማዬ?"

"እማዬ።"

"ያ ሁሉ ጊዜ... አንተን ስስቅብህ..."

"እሷም አብራሽ ስትስቅ ነበር።"

አርያም ጓንቱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ዞረ። ተቃቅፈው ቆዩ።

"ታዲያ ለሰዎቹ ለምን አትነግራቸውም?"

"ቃል ገብቻለሁ። እኔ አልናገርም" አለ ሀብተሥላሴ። "ራሷ ትናገር።"

አርያም ለገዢው ደውላ "ሶሪ፣ አይሸጥም" አለችው። ከዚያ አባትና ልጅ መኪናዋ ሥር ተጋድመው፣ ልጅ ቱቦውን ደግፋ፣ አባት ብሎን እያጠበቀ ገጠሙት። ጥሩ ሰፊ የለካችው ልብስ ልክ ሆኖ እንደሚገኝ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ገባ። ጎማዎቿን መልሰው ገጥመው አወረዷትና አፍንጫዋን ወደ ውስጥ፣ ጅራቷን ወደ ክፍቱ በር እንዳደረገች አንሶላውን መልሰው አለበሷት።

*

በሠልስቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋራዡን ሞልቶ እስከ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። እትዬ የሺሃረግ ከፊት ናቸው። ጋሽ ዕንቁ ለንግግር ተነሱ።

"እህታችን ፋናዬ እንዴት እንደኖረች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድምጿ ሳይሰማ ኖራ፣ ድምጿ ሳይሰማ..."

"ጋሽ ዕንቁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ሀብተሥላሴ ተነስቶ። "ድምጿን ላሰማዎት?"

አንሶላውን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላ ወገን አርያም ይዘው ገፈፉት። ሀብተሥላሴ ከመኪናዋ ኋላ የተቀመጡትን በትህትና አስነስቶ ወደ ጎን ገለል አደረጋቸው። አርያም ገባችና ቁልፉን አዞረች።

የሁሉም ትከሻ የድሮውን ጩኸት ጠብቆ ተሸማቀቀ። ጩኸት አልመጣም። የመጣው ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ከመሬት ሥር የሚነሳ ድምፅ ነው፤ በወንበሩ እግር ገብቶ ደረት ውስጥ የሚቀመጥ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ሳህናቸው ላይ ቀስ ብለው ተንቃጨሉ። አንድም ሰው ጆሮውን አልያዘም።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ እትዬ የሺሃረግ፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። "ማነው?"

"ፋናዬ ናት፣ እትዬ" አለ ሀብተሥላሴ። "መኪናዋም የእሷ ናት። ይህን ድምፅ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ በይዳ የሠራችው እሷ ናት። እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ።"

ጋሽ ዕንቁ የንግግራቸውን ቀሪ የዋጡ ይመስል አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው።

"ቆይ... ያን ቀን... ሻይ ስትቀዳልኝ... 'ብነግረው አልሰማ አለኝ' ያለችኝ..."

"አዎ ጋሼ።"

"ወይ ጉድ! ወይ ፋናዬ!" አሉና ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ማስካቸው ወልቆ አንድ ጆሯቸው ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ ሳቁ። የእናቷን ዕቅድ ከአባቷ የሰማችው አርያም በመስኮቱ ስልኳን አውጥታ ያንን ፊት ፎቶ አነሳችው። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ፤ የሚያለቅሱትንም ያዛቸው።

እትዬ የሺሃረግ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው የመኪናዋን ጣሪያ ቀስ ብለው ደባበሱ።

"አላልኳችሁም?" አሉ። "ያን ቀን ስትስቁብኝ ሰምቻለሁ። አልተሳሳትኩም እኮ፤ እዚህ ነበረች።"

አርያም ሞተሩን ነካ አደረገችው፤ ድምፁ ከፍ አለና ተመልሶ ረጋ። ሰዉ "አንድ ጊዜ ድገሚልን!" አለ።

ሀብተሥላሴ ከግርግሩ መሀል ወጥቶ ወደ ኋላ ዞረ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተጎነበሰና መዳፉን ከማርሚታው አፍ ላይ ደገነ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ እጁን እኩል እኩል መታው፤ አንድም ቦታ አያነክስም። ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው የመጀመሪያው ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ እያለ መዳፉ ላይ አረፈ። ብድግ አለ፤ የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ መዳፉንም ነጭ ሸሚዙ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ እሷ በምትጠርግበት ቦታ ጠረገ።

ኮቱን መልሶ አልቆለፈም።