የባለቤት ሱሪ

ባሌ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው ሰው የሌለባቸውን ቤቶች እየዞረ መፈለግና በራቸው ላይ ቀይ ወረቀት መለጠፍ ነው። ወረቀቱ ላይ በትልልቁ «ባለቤት አልባ» ይላል። አንዴ ከተለጠፈ ቁልፉ ይቀየራል፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ይሰጣል። እራት ላይ የሚያወራኝም ስለዚሁ ነው። የሌላ ሴት ባል ስለ ኳስ ያወራል፤ የእኔው ስለ ሸረሪት ድር።

«ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ድር ካደራበት ሰው የለም ማለት ነው» ይለኛል እየጎረሰ። «የውሃ ቆጣሪው ካልዞረ ሰው የለም። ግቢው ውስጥ ልብስ ካልተሰጣ ሰው የለም። እኔን ማንም አያታልለኝም!»

እኔም አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። መስማቴ ጠቀመኝ።

ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሽ መርፌ ይላቸዋል። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሌላ ከተማ ሐኪም ቤት ከገቡ ወራት አልፈዋል። ከዚያች ቤትና ከስፌት መኪናቸው ሌላ በዚህ ምድር ላይ ምንም የላቸውም። ሲሄዱ ቁልፉን የሰጡት ለእኔ ነው። ታዲያ አንድ ማታ ባሌ እጁን እየታጠበ፣ «ነገ ከአለቃዬ ጋር መጥተን የጎረቤታችንን ቤት እናሽጋለን» አይለኝ መሰላችሁ!

«አንተ ሰውዬ፣ ታመው ነው እኮ የሄዱት!»

«ደንቡ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ያመልክት ነው የሚለው።»

«በተሰበረ ዳሌ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ሱሪዬን ሲያበላሹ ግን ደህና ነበሩ።»

ይኸው! ነገሩ ደንቡ ብቻ አልነበረም። ለሠርጋችን የሰፉለት ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ያጥራል። አስተካክሉልኝ ቢላቸው፣ «ሱሪው ልክ ነው፤ አንተ ልጅ እግርህን ተመርመር» ብለው መለሱት። ሙሽራው አንዱ ካልሲው እየታየ ተዳረ፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ሰላምታ የለም። እኔ ግን ጋሽ መርፌን እወዳቸዋለሁ። ቤታቸው በሱሪ ቂም ሲሄድ ቆሜ የማይ ሴት አይደለሁም።

በማግስቱ ባሌ ከቤት እንደወጣ ቁልፌን ይዤ ገባሁ። ራሱ ያስተማረኝን ሁሉ አንድ በአንድ አፈረስኩበት። ድሩን ጠረግሁ፤ በር ሥር የተከመረውን ወረቀት ለቀምሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ቆጣሪውን እንደ ጉድ አዞርኩት። የቀረኝ የሚሰጣ ልብስ ነው። ጋሽ መርፌ ያላቸውን ይዘው ሄደዋል። ባሌ ከሚለብሰው ብወስድ ደግሞ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ከሣጥናችን ሥር ፈጽሞ የማይነካውን አንድ ሱሪ ጎትቼ አወጣሁ፤ በችኮላ አጠብኩት፤ ገመዱ ላይ አሰጣሁት። ለምን እንደማይነካው ትዝ ያለኝ አለቃና ምንዝር የጋሽ መርፌን የግቢ በር ከፍተው ሲገቡ ነው።

ያን ጊዜ እኔ ወደ ግቢያችን ተመልሼ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነበር። አለቃው ቅጽል ስሙ «ማኅተም» ነው፤ በቀን አንድ ነገር ካላተመ እንቅልፍ አይወስደውም ይባላል። ባሌ የሙጫ ቆርቆሮውንና ቀዩን ወረቀት ይዞ ከኋላው ይከተላል። ቁልፍ ቀዳዳውን አየ፤ ድር የለም። ቆጣሪውን አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ገመዱን አየ።

ቀስ ብሎ ተጠጋና የሱሪውን ሁለት እግሮች አጋጥሞ ለካቸው። ዞር ብሎም በእኛ አጥር ላይ አፈጠጠ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ጋሽ መርፌ ቤት የላቸውም፤ እኔም አለቀልኝ።

«ይኼ የማን ነው?» አለ ማኅተም።

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «የባለቤት ነው፣ ጌታዬ።»

አልዋሸም! ባለቤቴ አይደል እንዴ?

«አንዱ እግሩ አጭር ነው እኮ።»

«ሰውየው እግራቸውን ታመዋል።»

«ምስኪን!» አለ ማኅተም ከንፈሩን እየመጠጠ። «በል ቀዩን ወረቀት መልሰው። ሰው ካለ፣ አለ ነው።»

ማታ ባሌ ስለ ሸረሪት ድር ሳያነሳ እራቱን በላ። ሳህኑን ሳነሳ፣ «አንቺ ሴትዮ» አለኝ ቀና ሳይል፤ «ሱሪ ብቻ የሚለብስ ሰው የት አይተሻል? ነገ ሸሚዝም ጨምሪበት።»

ያን ማታ እንደ አዲስ ወደድኩት።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ መርፌ ከዘራ ተመርኩዘው ተመለሱ። ዳሌያቸው ድኗል፤ አንዱ እግራቸው ግን አጥሮ ቀርቷል። ግቢያቸው ሲገቡ ገመዱ ላይ ያለውን ሱሪ አዩ፤ በጣታቸው ዳበስ አድርገው የገዛ ስፌታቸውን ለዩ። አውርደውት ቤታቸው ገቡ። ለብሰውት ሲወጡ እኔና ባሌ አጥሩን ተደግፈን ቆመን ነበር። ወገቡ ሰፍቷቸው በቀበቶ ሰብስበውታል። ሁለቱ እግሮች ግን ጫማቸው ላይ እኩል አርፈዋል።

ባሌን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ «ሱሪው ልክ ነው ብዬህ አልነበር?»