ሩብ ዙር

ያ ሞተር ሰው ይመርጣል እንዴ? ግቢ ውስጥ በርሜል ውሃ ላይ አስረው ሲያስነሱት ጭጭ፤ ተሳፋሪ ጭኖ ሐይቁ መሀል ሲደርስ ግን የማስጠንቀቂያ ደወሉ ኡኡታውን ያቀልጠዋል። የጀልባው ባለቤት፣ ሰው ሁሉ ካፒቴን የሚለው ችኩል ሰውዬ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መልሶ አመጣው። ሦስቱንም ጊዜ የተቀበለው ታላቅየው ነው።

ታላቅየው በአባቱ የጀልባ ሞተር ጥገና ቤት ሃያ ዓመት ሠርቷል። ዘይቱን አየ፤ ሞልቷል። ማቀዝቀዣ ውሃውም በጎን በኩል እንደ ቧንቧ ይፈሳል። ይሁን ብሎ የፓምፑን ጎማ ቀየረ፣ የቤንዚን ማጣሪያውን አጠበ። ጩኸቱ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። አንዴ መጥቶ የሚቀመጥ ብልሽት ጨዋ ነው፤ ሰው የሚያሳብደው እየመጣ የሚጠፋው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቀን ስጡኝ» ይል ነበር። አሁን ግን ቀን የለም። አባትየው ጆሯቸው ከሄደ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሞተር የማይሰማ መካኒክ ምን ይሠራል ብለው የጥገና ቤቱን ቁልፍ ሰሞኑን ከሁለቱ ልጆቻቸው ለአንዱ ሊያስረክቡ ነው። «ለማን እንደምሰጥ ሥራው ራሱ ይነግረኛል» ብለዋል። ታላቅየው ደግሞ ያ ቁልፍ የእኔ ነው ብሎ የኖረ ሰው ነው።

እንቅልፍ የነሳው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከሌላ ከተማ ተመልሶ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ዕቃውን ከዘረገፈ ስምንት ወሩ ነው። መምጣቱስ ይምጣ! አባትየው ከእሱ ጋር ይስቃሉ። ጆሮ የላቸው፣ ምን ሰምተው ነው የሚስቁት? ሁለቱ በእጅና በቅንድብ የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አበጅተዋል። ታላቅየው ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮህላቸው «እ?» የሚሉት ሰውዬ፣ ታናሽየው ጣቱን ሲያወዛውዝ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ይህን ባየ ቁጥር ታላቅየው እርር ድብን ይላል። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ስቀውለት አያውቁም።

«ጋሼ፣ እስቲ እኔ ከተሳፋሪ ጋር አብሬ ልሂድበት?» አለው ታናሽየው።

«ሂድ፣ ተዝናና» አለው ጥርሱን ነክሶ።

ታናሽየው ጠዋቱን ሙሉ ጀልባው ኋላ ላይ ተጎልቶ ሲመላለስ አረፈደ። ሲመለስ «ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ብቻ ነው የሚጮኸው» አለ። የሞተሩን ኮፈን ከፈቱት፤ እውነትም የሙቀት መለኪያው ሽቦ ሞተሩ ወደ ግራ ሲዞር እየተሳበ፣ ከብረት ጠርዝ ጋር ተፋትጎ ተልጧል። ታናሽየው የተላጠውን ሸፈነ፣ ሽቦውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘውን ብሎን አጠበቀ፣ ከዚያ የቤቱን ደንብ ፈጸመ። ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረ። በዚያ ቤት የጠበቀ ብሎን ሁሉ ይሰመርበታል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሯ ለሁለት ትከፈላለች። ቀለሙ ከታላቅየው ሚስት የመጣ ነው። ደንቡን ለታናሽየው ያስተማረውም ራሱ ታላቅየው ነው።

ሞክረውት ዝም ሲል አባትየው የታናሽየውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ታላቅየው «አልራበኝም» ብሎ ቀረ። የጀልባው ጎን ላይ በትልቁ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ አላሳጣውም! ኮፈኑን አነሳ፣ መፍቻውን አስገባ። ሩብ ዙር። ከዚያ አይበልጥም። ማንም አይሞት፣ ምንም አይቃጠል፤ ትንሽ ይጮኻል፣ ያ ቀብራራ ትንሽ ያፍራል። ቅናት መቼም ልማዱ ነው፣ ሲጠይቅ ትንሽ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከሰዓት በኋላ ካፒቴን አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ወጣ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እየተራገመ ተመለሰ።

«እንኳን ሊሻለው ብሶበታል! አንዷ ሴትዮማ ዘልላ ልትገባ ስትል በስንት መከራ ያዝናት!»

ታላቅየው ክው አለ። ታናሽየው የእጅ ባትሪውን ይዞ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ፣ አባትየውም ከጎኑ ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ታናሽየው ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አገኘህ?» አለ ካፒቴን።

«ምንም። ጋሼ ይየው።»

ታላቅየው እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፣ ለወጉ ያህል ይህንንም ያንንም ነካካና «ይኸውና! ብሎኑ ላልቷል!» አለ አፉን ሞልቶ። ከነበረበት አልፎ እስኪሄድ አጠበቀው። ሐይቁ ላይ ወጥተው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጠመዘዙት፤ ጭጭ። ካፒቴን አቅፎ ሳመው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጠብቀው ነው የቀረሁት» አለ ታናሽየው መሬት መሬት እያየ።

አባትየው ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ታላቅየው መዳፍ ላይ አስቀመጡ። ሊስማቸው ጎንበስ ሲል ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ።

ደስታው አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ዕቃ ሲሰበስቡ ታላቅየው ብሎኑ ላይ ሊያሰምር ኮፈኑን ከፈተ። የታናሽየው ቀይ መስመር እዚያው አለች፣ ለሁለት ተከፍላ፤ ግማሿ ብሎኑ ላይ፣ ግማሿ ብረቱ ላይ። ብሎን በመንቀጥቀጥ ቢላላ በስንት ወሩ ፀጉር ታህል ነው እንጂ፣ በሃያ ደቂቃ ሩብ ዙር አይዞርም። ይህን የማያውቅ በዚያ ቤት የለም። እንዴት ረሳት? ደንቡን ያስተማረው ሰው!

ታናሽየው በር ላይ እጁን ይታጠባል።

«አይተሃታል አይደል?»

«ምኗን ጋሼ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መስመሯን ነዋ!»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላጋለጥከኝም?»

«ልናገር ነበር፤ አባባ ከለከሉኝ። ያጡት ጆሯቸውን ነው፣ ዓይናቸውንማ ማን ወሰደባቸው? ከእኔ ቀድመው አዩዋት። እዚያው እንዳጎነበስን በእጃቸው ነገሩኝ።»

«ምን ብለው?»

ታናሽየው እርጥብ እጁን አነሳ። ቁልፍ እንደሚያዞር ጣቶቹን አዞረ፣ ወደ ታላቅየው ጠቆመ፣ ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳርፎ ራሱን ነቀነቀ።

«‹ቁልፉን ለእሱ እሰጠዋለሁ። አንተ ያለ ቁልፍም ትሠራለህ፤ እሱ ከተከለከለ ሌላም ይፈታል፣ ሰው ያስጨርሳል› ነው ያሉት» አለና ፎጣውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ታላቅየው ማፈር ነበረበት፤ አፈረም። እውነቱን ንገረን ካላችሁ ግን፣ ከእፍረቱ በላይ ያንገበገበው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ነገር በሦስት እንቅስቃሴ ተባብለው፣ እሱ አጠገባቸው ቆሞ አንዷንም አላያትም።

ወደ ቤት ገባ። አባቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆመና ቁልፉን አወጣ፤ ጣቶቹን አዞረ፣ ታናሽየው ወደሄደበት ጠቆመ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

አባትየው ጣቶቹን አተኩረው አዩዋቸው።

«እ?» አሉት።