ሜዳውን ስጠኝ

ወንድሜ የምክር ቤት አባል ነው። ይህን የምለው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ አገር ያወቀውን ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል? ሰዉ ያወጣለት ስም «ይታሰብበታል» ነው። ውሃ ጠፋ ሲሉት ይታሰብበታል፣ መንገዱ ተቆረጠ ሲሉት ይታሰብበታል።

እናታችን ሥራ ውላ ስለምትመጣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እንቆቅልሽ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። መሸነፉን ይችለው ነበር፤ አገር መስጠት ግን ሞቱ ነበር። አስጨንቄ ካስጨነቅሁት በኋላ አንድ አገር ይሰጠኛል፤ በማግስቱ ያንኑ አገር ለጎረቤት ልጅ ሲሰጥ እይዘዋለሁ። «ለእኔ ሰጥተኸኝ የለም ወይ?» ስለው፣ «አንቺ እኮ አልሄድሽበትም» ይለኛል። ያኔ ስቄ አለፍኩት። መሳቅ አልነበረብኝም።

ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ አንድ ሜዳ አለ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳስ የሚጫወተው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ባለፈው ምርጫ ወንድሜ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ኳስ ታቅፎ፣ «ይህ ሜዳ የልጆቻችን ነው!» ብሎ ምሎ ነበር። ዘንድሮ ለአንድ መጋዘን ሠሪ ሰጠው። የአጥሩ ብረት ተራግፎ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሁሉም አይቶታል፤ ደፍሮ የጠየቀ ግን የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ምርጫ ሲቃረብ ረዳቱ አንድ ዘዴ መጣለት። ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት ቀን ወንድሜ በወላጆችና በካሜራ ፊት ከልጆች ጋር እንቆቅልሽ ይጫወት አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለቀኑ የሚለብሰውን ኮት እየለካሁት ሳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያነበንባል።

«ጥላ፣ ምላስ፣ እንቁላል። ጥላ፣ ምላስ፣ እንቁላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«መልሶቹ ናቸው፣ እትዬ። ከልጆቹ መምህር አስቀድመን ወሰድናቸው።»

«ጥያቄዎቹስ?»

«ጥያቄው ምን ያደርግልኛል?»

ከአራቱ ጠያቂ ልጆች የመጨረሻዋ የልጄ ልጅ ፌንጣ ናት፤ እኔው ጋ ነው የምታድገው። ስለማትቀመጥ ነው ፌንጣ ያልናት። እሷ ለመምህሯ አልናገርም ብላ ድርቅ አለች። «አስቀድሞ ከተነገረ ምኑን እንቆቅልሽ ሆነ?» አለቻት። ረዳቱም፣ «ይሁን፤ እሷን አላውቅም ይበሏትና ይሸነፉላት። ለልጅ የሚሸነፍ መሪ ፎቶ ላይ ያምራል» ብሎ መከረው።

«ይልቅ ኮቱን አጥብቢው፤ ወጣት ያስመስለኛል» አለኝ ወንድሜ።

«ጀርባው ይይዝሃል።»

«ካሜራው ያለው ከፊት ነው።» አጠበብኩለት።

በቀኑ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ የእሱ እህት ነኛ። የመጀመሪያው ልጅ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቤቱ ቀርቷል። መምህሯ ሁለተኛዋን ልጅ አስቀድማ አወጣች። ይህን ለወንድሜ የነገረው ሰው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

«እንቆቅልዎ!» አለች ልጅቷ፣ በአክብሮት እንድትናገር ተለማምዳ።

«ምን አውቅልሽ!»

«በነጭ አጥር ታጥራ፣ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ የምትውል?»

«ጥላ!» አለ ወንድሜ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ደስ ያላቸው መስሎት እጁን አውለበለበ። ልጅቷ ግራ ገብቷት መምህሯን አየቻትና፣ «አይደለም። አገር ይስጡኝ» አለች። ባሕር ማዶን ሰጣት፤ ከእሱ ምን ይወጣል! መልሱ ምላስ እንደሆነ ነግራው ወረደች። ምላስን ሲሰማ እንኳ አልነቃም። ቀጥሎ አንድ ልጅ ወጣ።

«በር የሌለው ነጭ ቤት?»

«ምላስ!»

አሁንስ ከኋላዬ አንዱ ወንበሩን እየደበደበ ነው የሚስቀው። ለዚህኛው ጨረቃን ሰጠው። ላብ አጠመቀኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ። ሽንፈቱ አይደለም ያሳፈረኝ፤ አለማወቅ ነውር አይደለም። የልጆቹን ጥያቄ እየሰማ አልነበረም። ሰው ሲጠይቀው መስማት ካቆመ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ግን ቀድሞኝ ያውቅ ነበር።

ፌንጣ ወጣች።

«እንቆቅልህ፣ ጋሼ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ባለቤቱ ብቻ አያየውም?»

«እንቁላል!» አለ፤ ለእሷ አላውቅም እንዲል የተመከረውን ረስቶ የቀረችውን መልስ አወጣ።

እሷ አልሳቀችም። «አይደለም። አገር ስጠኝ» አለችው።

«ጸሐይን ሰጠሁሽ!»

«ጸሐይ ያንተ አይደለችም። ሜዳውን ስጠኝ።»

ወንድሜ ረዳቱን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ከዚያ ጥርሱን ገልጦ፣ «ሜዳውን ሰጥቼሻለሁ!» አለ። ወላጅ ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው ጨፈሩ። ፌንጣ መልሱን ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ ረዳቱ ክንዱን ይዞ ከመድረክ አወረደው። ቤት ስንገባ ለእኔ ነገረችኝ።

«ጀርባ ነዋ፣ እማማ! ይሄ ይጠፋል?»

እሑድ ከሰዓት ወደ ስፌት ቤቴ ብቻውን መጣ። ያንኑ ኮት ለብሷል። ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሻል።

«እትዬ፣ እባክሽ ለልጅቷ ጨዋታ ነው በያት። ነገ አጥሩ ይተከላል።»

«ሰጪው አንተ፣ ነጋሪዋ እኔ? አልናገርም።»

ፌንጣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሆና በቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ እየጠቀጠቀች ነበር። ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ሜዳዬን ልትወስደው ነው?»

«የኔ ቆንጆ፣» አለና ሊያቅፋት ጎንበስ አለ፣ «የሜዳው ነገር ትንሽ ውስብስብ ነው።»

ይታሰብበታል ባለማለቱ ተመስገን አልኩ። ፌንጣ አሰበች።

«እሺ፤ ሌላ ስጠኝ።»

ፊቱ በራ። «ምን ልስጥሽ?»

«የወንዙን ዳር።»

«እሱ እንኳ ለሰው ተሰጥቷል።»

«ከገበያው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ።»

«እሱም ተሰጥቷል።»

«የድሮውን ወፍጮ ቤት ግቢ?»

«እሱም» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ምሳ ሲበላ፣ ልብስ ሲያሰፋ፣ ከተማውን እንዲህ ቆርሶ ቆርሶ ጨርሶት ኖሯል። አፈርኩ። እሱ ባጠፋው የእኔ ፊት እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ታዲያ ምን ቀረህ?» አለችው። ብታላግጥበት ይሻል ነበር፤ ልጅቷ ግን አዝናለት ነው የጠየቀችው።

ዝም ማለት አቃተኝ። «የገዛ ግቢው አለ! ሣር አለው፣ ሰፊ ነው። እሱን ይስጥሽ!»

ወንድሜ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«ግቢው በሚስቴ ስም ነው» አለ።

ፌንጣ ኳሷን አንስታ ታቀፈች። «እንግዲያው መልሱን አልነግርህም» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ሥር ተመለሰች።

ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ እንደ ልጅነቱ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ለመሆኑ መልሱ ምን ነበር?»

«አገር ሳይሰጥ መልስ የለም። ደንቡን አስተምሬሃለሁ።»

ወጣ። ልጅቷን ለማቀፍ ጎንበስ ሲል ኮቱ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ ተተርትሮ ኖሯል፤ ነጩ ገበር ወጥቶ ይታያል። መንገዱ በሰው ሞልቷል። እሱ ግራና ቀኝ እጁን እያነሳ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰዎቹም አጸፋውን ይመልሱና ካለፋቸው በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ልጠራው ፈለግሁ። መርፌውም ክሩም እጄ ላይ ነበር። ተመለስ ብዬ ስሙን ብጠራ ግን መንገደኛው ሁሉ የማን እህት እንደሆንኩ ዞሮ ሊያየኝ ነው። አልጠራሁትም።

«እማማ፣» አለች ፌንጣ ከጠረጴዛው ሥር፣ «መልሱን አወቀው?»

«አላወቀውም» አልኳትና በሩን ዘጋሁ።