ለእማዬ የትኛው ይበቃታል

«አንዱ ይሄ ነው፣ ሁለተኛው ይሄ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይሄ» አለች የኢንሹራንሱ ሠራተኛ፤ ወረቀቱን ወደ ቁልፍ ሠሪው አዙራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አምዶቹን እየነካካች። «ባለ አንድ ኮከብ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት። የትኛውን ላድርግልዎት?»

ቁልፍ ሠሪው መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። የአንደኛው ጎን እጀታ በቀጭን ሽቦ የታሰረ ነው። የሰው ሁሉ በር ሲጠግን የሚውል ሰው የራሱን መነጽር የሚጠግንበት ጊዜ አያገኝም። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ማንበብ ጀመረ፤ ድሮ ትምህርት ቤት እንዳስለመዱት።

«ይሄ ሁሉ ለአሥር ቀን ነው?»

«ባሕር ላይ እኮ ነው፣ ጋሼ። እዚያ መሃል ሆስፒታል የለም። ሰው ቢታመም ሄሊኮፕተር ነው የሚመጣው። ባለ አንድ ኮከቡ ደግሞ ሄሊኮፕተር የለውም።»

«ታዲያ በምን ያወርዱታል?»

«መርከቡ ወደብ እስኪደርስ ይጠብቃላ።»

እናቱ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፎቶ እንደምትነሣ ሰው ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከገባች ጀምሮ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ነጭ መርከብ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አሥራ አንድ ፎቅ ነው አሉ» አለቻት ሠራተኛዋን። «እንዴት እንደማይሰምጥ እንጃ።»

«አይሰምጥም፣ እማማ።»

«ቢሰምጥም ይስመጥ። ብቻ መጀመሪያ ልየው።»

የመርከቡን ሽርሽር የገዛላት ትልቁ ልጇ፣ ኢንጂነሩ ነው። ትኬት የቆረጠው ለአራት ሰው ነው፤ ለእናቱ፣ ለራሱ፣ ለሚስቱና ለእህታቸው። ለቁልፍ ሠሪው አልቆረጠም። «ሱቁን ማን ይከፍትልሃል ብዬ እኮ ነው» አለው በስልክ፣ ያዘነለት ይመስል። ሱቁ አሥር ቀን ቢዘጋ ማን ይሞታል? ቁልፍ ሠሪው ይህን አልጠየቀም። ሲንቁት ዝም ማለትን የለመደው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ አባታቸው ሞቶ፣ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ብቻ ይማር ተብሎ፣ የትልቁ ጽሕፈት ያምራል ተብሎ፣ እሱ ወደ አጎቱ ቁልፍ ቤት ከተላከበት ቀን ጀምሮ። ይኸው ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ አናቱ ተመልጦም፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስሙ «ትንሹ» ነው።

ለመርከቡ ያልተፈለገው ትንሹ ለኢንሹራንሱ ግን ተፈለገ። የመርከቡ ድርጅት ኢንሹራንስ ያልያዘ አዛውንት አያሳፍርም። ወረቀቱ እስከ ነገ ካልተላከ ትኬቷ ይቃጠላል። «አንተ አጠገቧ ስላለህ ይዘሃት ሂድና ግዛላት። ትንሽ ነገር ናት» አለ ኢንጂነሩ።

«እሺ እማማ፣ የጤና ጥያቄ አለ።» ሠራተኛዋ ኪቦርዷን ወደ ራሷ ሳበች። «ልብ?»

«የለብኝም።»

«ልብማ ይኑርዎት እንጂ!»

«ሕመሙን ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ነገረኛ።»

«ግፊት? ስኳር? ኩላሊት?»

«ምንም። እንደ ድንጋይ ነኝ።»

ይህን ስትል ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ተንሸራተተና ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። ቁልፍ ሠሪው ድምፁን ያውቀዋል። ሰባት ክፍል ያለው የብሎን ቆርቆሮ ነው፤ ራሱ ከሱቁ አምጥቶ ነው የሰጣት። እሑድ እሑድ፣ ብሎን እንደሚለይ ሁሉ፣ የእናቱን ክኒን ይለይበታል። ነጩ ለጠዋት፣ የቢጫው ግማሽ ለማታ፣ ትንሿ ሮዝ ደግሞ ደረቷን ሲጨንቃት ከምላሷ ሥር።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች ሠራተኛዋ።

«ከረሜላ ነው፣ ልጄ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ የምመጠው።»

«እስቲ ለኔም አንድ ጣል ያድርጉልኝ።»

«ያንቺ ጥርስ ገና ነው፤ አላበላሸውም።»

ሠራተኛዋ እየሳቀች «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አራት ጊዜ። ቁልፍ ሠሪው አራቱንም ጊዜ ማውሱ ቀጭ ሲል ሰማ።

የልቧ ነገር ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ዕለት ከሐኪሙ ክፍል እንደወጡ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ «በሞቴ!» አለችው። «ለወንድምህ ትንፍሽ እንዳትል። ከሰማ ቤቱ ይወስደኝና አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠኛል።» ትንፍሽ አላለም። ስለለመነችው ብቻ ግን አልነበረም። በዚህ ዓለም ላይ እሱ የሚያውቀው፣ ኢንጂነሩ ግን የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ነበር። ወንድሙ እሑድ እሑድ እየደወለ «እማዬ፣ ድምፅሽ እንዴት ያምራል!» ሲላት፣ እሱ እዚያው ጎኗ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮውን እየሞላ በሆዱ ይስቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው አሁን ትኬት ሆኖ የመጣው። እናቴ ጤነኛ ናት ብሎ የሚያምን ሰው ካልሆነ ማን መርከብ ይቆርጥላታል?

«እንዲያው ልጠይቅሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰው ድሮ የነበረ ሕመም ኖሮት ባይናገርስ?»

ሠራተኛዋ ጣቶቿን ከኪቦርዱ አነሣች። «ከተናገረ የሐኪም ደብዳቤ ያመጣል። ሳይናገር ቀርቶ በኋላ ከታወቀ ግን ድርጅቱ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ሕክምናውንም፣ ሄሊኮፕተሩንም። ባለ ሦስት ኮከብም ቢሆን።» እናቱን አየት አደረገች። «አለ እንዴ?»

«ኧረ ለማወቅ ያህል ነው» አለች እናቱ በሱ ፋንታ። «ይሄ ልጅ ከድሮም ነገር መፈታታት ይወዳል።»

የሐኪም ደብዳቤ። ባለፈው ሳምንት እናቱ ሳታውቅ ሄዶ ጠይቆ ነበር። ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «እኔ ፈርሜ ባሕር ላይ አልለቃቸውም» አለው። ቁልፍ ሠሪው «እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው» ሊል አስቦ አፉ ውስጥ ቀረ። የተማረ ሰው ፊት ሁሌም እንዲህ ነው። ቃሉ የሚመጣለት ሱቁ ገብቶ ሞረዱን ከጨበጠ በኋላ ነው።

«አንዴ ስልክ ልደውል» ብሎ ወጣ።

ውጭ የመንገዱ ጫጫታ ጆሮ ይደፍናል። ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

«ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቶሎ በል» አለ ኢንጂነሩ።

«ኢንሹራንሱ ሦስት ዓይነት ነው። እና የትኛውን…»

«ትልቁን ግዛ። ደረሰኙን ላክልኝ፣ አስገባልሃለሁ።»

«የገንዘብ ነገር አይደለም።»

«ታዲያ የምን ነገር ነው? ዕድሜህን ሙሉ የሰው በር ስትከፍት ኖረህ አንድ ፎርም ያቅትሃል?»

ከኢንጂነሩ ኋላ ሰዎች ሲስቁ ተሰማ። በዚህ ይሁን በሌላ አልታወቀም። ቁልፍ ሠሪው ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«እማዬ…» አለ።

«እማዬ ምን ሆነች?»

በመስተዋቱ በኩል ወደ ውስጥ አየ። እናቱም እያየችው ነው። አልተቆጣችም፣ በዓይኗም አልጠቀሰችውም። ብቻ ሕፃን እንደምታስተኛ ቦርሳዋን በመዳፏ ቀስ አድርጋ መታ መታ ታደርገዋለች።

«ምንም። ደስ ብሏታል ልልህ ነው።»

«በል እንግዲህ። አይዞህ፣ በሌላ ጊዜ ላንተም እናስብበታለን።»

ስልኩ ተዘጋ። ቁልፍ ሠሪው የጠቆረውን የስልኩን ፊት ትንሽ አየና ወደ ኪሱ መለሰው። ሲያስቡለት ዕድሜው አለቀ።

ሲመለስ ሠራተኛዋ የእናቱን መታወቂያ ኮፒ ልታደርግ ወደ ውስጥ ገብታለች።

«ነገርከው?» አለችው እናቱ።

«አልነገርኩትም።»

«ጎሽ።»

«የምን ጎሽ ነው፣ እማ? ባሕሩ መሃል ቢያምሽስ?»

«ቢያመኝ ያመኛል። እዚህስ መቼ ተወኝ?»

«እዚህ እኔ አለሁ።»

«አንተማ አለህ» አለችው። ጉንጩን እንደመንካት ብላ እጇን መለሰችው። «መቼ ጠፍተህ ታውቃለህ? ግን መስኮቴን ስከፍት የማየው ያንተን ሱቅ ቆርቆሮ ነው። ሠላሳ ዓመት እሱን አየሁ። አንዴ እንኳ መጨረሻው የማይታይ ነገር ልይበት በዚህ ዓይኔ።»

የቆርቆሮው ነገር እውነት ነው። ጣራውን ያለበሰው እሱ ራሱ ነው።

«ገብቶሻል ግን?» አለ። «የትኛውንም ብገዛልሽ ከንቱ ነው። ሲያምሽ ታሪክሽን ያገላብጣሉ፣ ያገኙታል፣ በቃ።»

«ታዲያ ርካሹን ግዛዋ።»

ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። እሷም ሳቀች።

ርካሹን ቢገዛ፣ አንድ ነገር ቢመጣ፣ ኢንጂነሩ ዕድሜውን ሙሉ «በእማዬ ላይ ቆጠብክ» ይለዋል። ትልቁን ቢገዛ የውሸት ላይ ጌጥ ነው። ተነሥቶ እውነቱን ቢናገር ደግሞ ትኬቷ ይቃጠላል፤ እሷም እስክትሞት አታናግረውም፤ ምናልባት ያ ሩቅ አይደለም። አርባ ዓመት ያልተከፈተለት መቆለፊያ አልነበረም። የጠፋ ቁልፍ፣ የዛገ፣ ውስጡ የተሰበረ፣ ሁሉም መላ አለው። ይሄ መላ የለውም።

ሌላ የሚሠራው ስላጣ ወረቀቱን ገልብጦ ማንበቡን ቀጠለ። በመጨረሻው ገጽ፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት፣ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሠራተኛዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ወረቀቱን አዞረላት።

«ይሄ ‹መንስኤው ምንም ቢሆን› የሚለው ምንድን ነው?»

አጎንብሳ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «እሱ… አስከሬን ስለ መመለስ ነው፣ ጋሼ።» የመጨረሻዎቹን ቃላት እናቱ እንዳትሰማ አለዘበቻቸው። እናቱ ግን ወደ መርከቡ ሥዕል ዞራለች።

«ድሮ የነበረ ሕመም ቢሆንም?»

«ምንም ቢሆን። እሱ ላይ ምርመራ የለም።»

«በሦስቱም አለ?»

«አለ። ግን ይለያያል። በባለ አንድ ኮከቡ እስከሚቀጥለው ወደብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቤተሰብ ነው። በባለ ሁለቱ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ። በባለ ሦስቱ እስከ ቤት በር።»

«እስከ በር?»

«እስከ በር። ግን ለእሱ ብሎ የሚገዛ ሰው የለም እኮ።»

ቁልፍ ሠሪው መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

«ባለ ሦስቱን አድርጊው።»

ዋጋው የሱቁ የሁለት ወር ኪራይ ነበር። ከፈለና ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የሚልከው አልመሰለውም። እናቱ ፈረመች።

«ትልቁን ነው የገዛህልኝ?» አለች።

«ትልቁን።»

«አባካኝ!» ግን ደስ ብሏታል። «ሄሊኮፕተር አለው ማለት ነው?»

«አለው፣ እማ።»

«አንድ ቦታ ቀርታለች» አለች ሠራተኛዋ፣ ዓይኑን ላለማየት ወረቀቱን እያስተካከለች። «እንዲያው የሆነ ነገር ቢሆን… የሚረከብ ሰው። ትልቅ ወንድምዎን ልጻፈው? ትኬቱ ላይ የሳቸው ስልክ አለ።»

«እሱ መርከቡ ላይ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ስጪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀብሎ ስሙን ጻፈ። ጽሕፈቱ ድሮም አያምርም። ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለያይቶ፣ ማንም እንዲያነበው አድርጎ ጻፈው። ከሥሩ የሱቁን ስልክና የቤቱን አድራሻ አስከተለ።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን ቀና አድርጋ አነበበች። «የሱቅ ስልክ ነው የሰጡኝ። የሚደወለው በሥራ ሰዓት ስለሆነ፣ በነዚያ ቀናት ሱቁን ይዘጉ ይሆን?»

«አልዘጋም» አለ። እናቱን ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ ቦርሳዋም ተንኳኳ። «አሥሩንም ቀን ክፍት ነው።»